ፍሰሐ ሯጭ አልነበረም

ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ድሮም ያናድደኛል። ሟቹን በደንብ የሚያውቅ ሰው ቆሞ ቢያዳምጥ፣ ሬሳ ተሳስተው ያመጡ ነው የሚመስለው። ሁሉም ታታሪ፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ፣ ሁሉም ከሰው ተግባቢ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ይሁን። ፍሰሐን ሯጭ ያደረጉብኝን ሰዎች ግን እስካሁን ሳስባቸው ደሜ ይፈላል።

ፍሰሐ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር። እኔ ከጎጃም ተመድቤ ጂኦግራፊ ላስተምር ስመጣ የተከራየሁት ክፍል ከሱ ቤት ጀርባ ስለሆነ በኮምፕሬሰሩ ጩኸት ነበር የምነቃው። መጀመሪያ የተዋወቅነውም ለመጣላት ሄጄ ነው። ስደርስ መብራት ጠፍቶ ኮምፕሬሰሩ ዝም ብሏል። ሰውዬው የተበሳ የጎማ ካላማዳሪያ በሚነክርበት ውሃ እጁን ተለቃልቆ፣ ደረቱ ላይ ጠርጎ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ጠቡን ረስቼ አብሬው ተቀመጥኩ።

ጨዋታው ስኬትቦርድ ነው። አራት ትንንሽ ጎማ ያላት ጣውላ ናት፤ ሰው እንኳ አይታይባትም። እግሯ ያንተ ሁለት ጣት ነው። አንዱን መሃሏ ላይ፣ ሌላውን ጭራዋ ላይ ታሳርፋለህ፤ ጭራዋን ጫን ብለህ ወደ ጎን ስትገፈትራት ትነሳለች፣ አየር ላይ ትገለባበጣለች፣ ከቀናህ በጎማዋ ታርፋለች። የፍሰሐ ሌባ ጣት ጎማ ሲፈለቅቅ ኖሮ ስለደነደነ መስታወቱ አይሰማውም ነበር። ስለዚህ በመሃል ጣቱና በቀለበት ጣቱ ነው የሚጫወተው። ያ ወፍራም እጅ እዚያች መስታወት ላይ እንዴት እንደሚቀል ያላየ ሰው አያምንም። እውነተኛዋን ስኬትቦርድ ሁለታችንም በዓይናችን አይተናት አናውቅም። እሱ ግን እንደ ባለሙያ ይንቃት ነበር። «ይቺን ጎማ ኮብልስቶን ላይ ብታወጣት እስከ ማታ አትቆይም» ይላል።

ሚስቱ ሸዋዬ ምሳ ስታመጣለት ስልኩን «ጣውንቴ» ነበር የምትለው።

«ጣውንቴ ዛሬስ በላች?»

«እሷ መቼ ትበላለች? ለዚህ እኮ ነው የምወዳት» ይላታል፤ በነጠላዋ ጫፍ ትመታዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያሳብደው። ጎማ ሊያስለጥፍ የቆመ ሰው ሁሉ አገሩን ይጠይቀዋል። «በቆጂ» ሲል «አሃ! ሯጭ ነሃ!» ይላሉ። ባጃጅ ነጂው ነስረዲን ደግሞ ነገሩን እያወቀ ሆን ብሎ ይነካካዋል። «ዋላሂ፣ ከበቆጂ ወጥቶ ጣቱ ብቻ የሚሮጥ አንተን አየሁ!»

«ጣቴም አይሮጥም! ይዘላል እንጂ አይሮጥም!» ብሎ በግራሶ የወረዛውን ጨርቅ ይወረውርበታል።

ምክንያቱን አንድ ቀን ነገረኝ። «በቆጂ ከተወለድክ ትወዳለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ የለም፤ ትሮጣለህ። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበርኩ። መጨረሻ መሆኑስ ግድ የለም፣ መጨረሻ ያለ ሰው የለም እንዴ? ግን ጨርሰው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ተሰልፈው ይጠብቁኝና ያጨበጭቡልኝ ነበር። መምህር፣ ያ ጭብጨባ ዛሬም ያቃጥለኛል።» ከዚያ ስልኩን አሳየኝ። «እዚህ ማን ይቀድመኛል? ማንንስ እቀድማለሁ? ትዘላለህ፣ ትወድቃለህ፣ ትነሳለህ። በቃ።»

ባለፈው ጥር ልቡ በድንገት ቀጥ አለ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ገብረሥላሴ በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝና፣ «ትቀራረቡ ስለነበር የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። የት እንደተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ሦስት ልጆቹን እንዴት እንዳሳደገ ጻፍኩ። ሩጫ መጥላቱንና ጨዋታውንም ጻፍኩ፤ እነዚህ ከሌሉማ ፍሰሐ የለም።

ጋሽ ገብረሥላሴ ድንኳኑ ውስጥ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ይሄ የስልክ ጨዋታ ይውጣ።»

«ለምን ጋሼ?»

«የሞተው እኮ ትልቅ ሰው ነው። ልጆቹ ይፈሩበት? አባታቸው ሲጫወት ኖሮ ሞተ ይባል?»

ከኋላቸው ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ መታና «በላሁህ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ።

«እነዚያስ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«እሱማ ሐዘንተኛ ማጽናኛ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አስተካክለው ኮምፒውተር ቤት እንደሚያስጽፉት ነገሩኝ። እኔ ለጠብ አፌን ስከፍት እሳቸው ስለ ወንበር ኪራይ ከሌላ ሰው ጋር ማውራት ጀምረው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ሬሳው ከፊቴ ተቀምጦ፣ ማይኩንና በኮምፒውተር የተጻፈ ያማረ ወረቀት አስያዙኝ። አነበብኩ። ተወለደ፣ አደገ፣ ጎሚስታ ከፈተ። ቀጥሎ ያለውን አፌ ቀድሞኝ አነበበው፦ «ከልጅነቱ ጀምሮ በነበረው የሩጫ ፍቅር የትውልድ ቀዬውን በማስጠራት ለብዙ ወጣቶች አርአያ…»

ማንበቤን አቆምኩ። ቀባሪው ራሱን እየነቀነቀ ነው። «ለካ ሯጭ ነበር!» አለ አንዱ። «የበቆጂ ልጅ አይደል፣ ምን ያንሰዋል» አለው ጎረቤቱ። ሳጥኑን አየሁት። መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ደርሰው ዕድሜውን ሙሉ የሸሸውን ነገር አሸከሙት። ከዚህ በላይ ምን ስድብ አለ?

«ውሸት ነው!» አልኩ። ማይኩ ስለነበር ግቢው በሙሉ ሰማ። «ፍሰሐ ሯጭ አልነበረም! ሩጫ ይጠላ ነበር! የሚወደው ስልኩ ላይ በሁለት ጣቱ…»

ጋሽ ገብረሥላሴ ደርሰው ማይኩን ያዙት። «መምህር! ሐዘን ላይ ነን፣ ሥርዓት ያዝ!»

«እርስዎ ሥርዓት ይያዙ! የማያውቁትን ሰው ነው የሚቀብሩት!»

እኔ እጎትታለሁ፣ እሳቸው ይጎትታሉ። ሰው ጉድ ነው ይላል። የሚያፍር ሰው ቢኖር ይፈር፣ እኔ አልለቅም ነበር። ያን ጊዜ ሴቶቹ ግራና ቀኝ የደገፏት ሸዋዬ እጃቸውን አስለቅቃ ወደ ፊት መጣች። በለቅሶ በተዘጋ ድምፅዋ ጮኸች።

«ጋሽ ገብረሥላሴ፣ ይልቀቁት! ይናገር! እኔ የምቀብረው ባሌን ነው። የእናንተን ሯጭ ወስዳችሁ ሌላ ቦታ ቅበሩት።»