በወይራ የታጠነው በርሜል

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ለምሳ ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ይዞልኝ መጣ። ከመክፈቱ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበልኝ፤ "የእንጨትና የጭስ ቃና አለው" ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። ጭስ እንዲህ በኩራት ተጽፎ የሚሸጥ ከሆነ፣ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ በከንቱ ተሳቅቄያለሁ!

ያደግሁት አማኑኤል ሰፈር ነው። አባቴ ጭድ ተራ ጭድ ይነግድ ነበር። ግቢያችን ውስጥ እናቴ ለጥላ ብላ የተከለችው አንድ የወይን ሐረግ ነበረን። እሷ ካረፈች በሁለተኛው ዓመት፣ እኔ ሃያ ሲሞላኝ፣ አባባ ሐረጉን ቆርጦ በቦታው የጭድ መጋዘን ሊሠራ ተነሣ። የእጇ ሥራ ሆኖ የቀረን እሱ ብቻ ስለነበር አልቅሼ ለመንኩት።

"ለፋሲካ የሚጠጣ ነገር ካወጣሽበት ይቆያል" አለኝ። "ካልሆነ እቆርጠዋለሁ።"

ወይን እንዴት እንደሚጠመቅ አላውቅም ነበር፤ ለማወቅ መጓጓት ግን የቆየ በሽታዬ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ታፈሰ በወጣትነታቸው ወይን እርሻ ላይ ሠርተው ስለነበር ደጃቸውን አንኳኳሁ። መስከረም ላይ መቀስ ይዘው መጡና ሐረጉን እስኪያሳዝነኝ ድረስ ገረዙት። ከዚያ ሲያቆጠቁጥ፣ ፍሬው ምስር ሲያክል፣ አረንጓዴው ቀስ በቀስ ሲጠቁር በየቀኑ አየዋለሁ። ጥር ሲገባ አላስችል አለኝ።

"ገና ነው" አሉ ጋሼ ታፈሰ። "በጣፋጭነቷ አትታለይ፣ ዘሯን ንከሺ። ዘሯ ቡናማ ሆና ጥርስሽ ሥር ቀጭ ካለች፣ ያኔ ደርሳለች።"

ስንት ዘር ነከስኩ መሰላችሁ! ወፎቹም አብረውኝ ይጠብቁ ስለነበር ዘለላዎቹን በአሮጌ ሻሽ ሸፈንኳቸው። ጥር ሊያልቅ ሲል ለቀምን፣ ጨፈለቅን፣ የእናቴ ጋን ውስጥ ጨመርን። ሲፈላ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጠው ነበር። የሚያወራ ነገር ነው።

ወይኑን የማቆይበት በርሜል ፍለጋ ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። ከብረትና ከቆርቆሮው ክምር መሀል አንድ ትንሽ የእንጨት በርሜል አገኘሁ። ሻጩም ለምን እንደሚሆን አያውቅም፤ "እህቴ፣ አበባ ትከይበት፣ ያምርልሻል" አለኝ። ሦስት ቀን ውሃ ሞልቼ ባቆየው እንጨቱ አበጠና ስንጥቁ ገጠመ።

"በፈላ ውሃ እጠቢው፤ ሌላ ምንም እንዳታደርጊበት" አሉኝ ጋሼ ታፈሰ። "እንጨቱ የራሱን ጣዕም ይሰጠዋል።"

እሺ አልኩ። ግን በእናቴ ቤት ባልታጠነ ዕቃ ጠላም ሆነ ሌላ መጠጥ ሲገለበጥ አይቼ አላውቅም፤ ነውር መሰለኝ። እሳቸው ሲሄዱ ወይራ ለኩሼ የበርሜሉን አፍ ጭሱ ላይ ደፋሁት። ደህና አድርጌ አጠንኩትና ወይኑን ገለበጥኩበት።

ከወር በኋላ ጋሼ ታፈሰ ትንሽ ቀድተው ቀመሱና ፊታቸው ተለወጠ።

"ምን አደረግሽው?"

ነገርኳቸው።

"ወይ ልጄ! ጭሱ ዋጠው እኮ። ወይኑ ራሱ ምን ምን ሊል እንደነበር አሁን ማን ያውቃል?"

ሐረጉን በገዛ እጄ የቆረጥኩት ያህል ተሰማኝ። ፋሲካ ደረሰና ለአባባ ቀዳሁለት። አንዴ ተጎነጨ። ደግሞ ተጎነጨ።

"ይሄማ የእናትሽ ጠላ ነው የሚሸተው" አለ፤ ዓይኑንም በነጠላው ጫፍ ጠረገ። "ጨምሪልኝ።"

የመጋዘኑን ነገር ዳግመኛ አላነሣም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አጠንኩት። ጋሼ ታፈሰ "አንድ ዓመት ብቻ ተይውና ወይኑን እንቅመሰው" እያሉ ሲለምኑኝ ኖረው፣ ሳይቀምሱት ሞቱ። አባባ ካረፈም በኋላ፣ በርሜሉን በፈላ ውሃ አጥቤ፣ አሁንስ ያለ ጭስ ልቀምሰው ነው ብዬ ብቆምም፣ እጄ መልሶ ወይራውን ለኮሰ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ታዲያ አክስቴ፣ ያለ ጭስ ምን ምን ይላል?"

"አላውቅም" አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ብዬ መመለሴ አሳፈረኝ።

ሁለተኛ በርሜል ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። አንዱን እንደ ልማዴ አጥነዋለሁ፣ ሌላውን ለጋሼ ታፈሰ ስል ሳላጥነው እተወዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ እናቴ ሐረግ ወጥቼ አንዷን ዘር ነከስኩ። ገና ናት።