ፌንጣ እና የገደሉ መንገድ

ሰፈሩ ሁሉ «ፌንጣ» ይላታል። ከድንጋይ ድንጋይ ስትዘል ያየ ሰው በስሙ አይከራከርም። ሃያ ዓመት ሙሉ መተዳደሪያዋ እግሯ ነው፤ አገር ለማየት የሚመጡ ሰዎችን በሁለት መንገድ ትመራለች። አንደኛው በጥድ መሀል እየተጠማዘዘ ተራራው አናት ላይ ያወጣል። ሁለተኛው በባሕሩ ገደል አፋፍ ለአፋፍ ይሄዳል። ሰው የሚመርጠው ተራራውን ነበር፤ እሷ ግን ነፍሷ ገደሉ ነው። «ተራራው ያደክማል እንጂ ልብ አይሰቅልም» ትላለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጡረታ የወጣ መምህርና ሚስቱን በገደሉ ይዛ ስትሄድ፣ መንገዱ አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍበት ቦታ ፊታቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሦስት ሰዎች ከቁጥቋጦው ዘለው ወጡ። የመጀመሪያው የመምህሩን ጉልበት በብረት መታው። ቀጭ ሲል ሁሉም ሰሙት።

«ካሜራውን! ቦርሳውን!»

ፌንጣ ዞር ብላ ብረት የያዘውን መንጋጋው ላይ በምርኩዟ አሳረፈችበት። ሰውየው ጥርሱን ከነደሙ ተፋ። ሌላኛው ከኋላ ፀጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ከአለቱ ጋር አላተመው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ግራ ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ፈረጠ። እጁን ነክሳ አልለቅ አለች። ሲያላቅቃት በእርግጫ አለችው፤ ተንሸራትቶ ገደሉ አፋፍ ላይ በአንዲት ሥር ተንጠለጠለ። ጨርቁ ከፊቱ ወልቋል።

«አክስቴ! ይዢኝ፣ አክስቴ!»

የታላቅ እህቷ ልጅ ነው። አዝላ ያሳደገችው፣ አሁን ሃያ አራት ዓመት የሞላው ጎረምሳ። ጓደኞቹ ቦርሳውን ይዘው እግሬ አውጪኝ ብለዋል። በሆዷ ተኝታ በኮሌታው ጎትታ አወጣችውና፣ ሳይቆም ከወገቧ በፈታችው ገመድ እጆቹን የኋሊት አሰረችው።

«ፍቺኝ፤ እናቴን አስቢያት።»

«የሰውየውን እግር እየው።»

«አክስቴ፣ እባክሽ...»

«እየው አልኩህ!» ብላ አፉን በቡጢ አለችው። የመምህሩ ሚስት ለፖሊስ ደወለች።

የፌንጣን ዓይን ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም። በሦስተኛው ቀን እህቷ ሆስፒታል መጣች፤ ፌንጣ ልትጠይቃት የመጣች መስሏት ነበር።

«ልጄን በገዛ እጅሽ አስረሽ ሰጠሽው?» ብላ የጉሉኮስ መስቀያውን ብረት አንስታ ትከሻዋ ላይ አወረደችባት። ነርሷ እየጮኸች በመሀል ገባች።

«እትዬ፣ ባልጎትተው ኖሮ እኮ ዛሬ ቀባሪ ነበርሽ!»

«ምነው በለቀቅሽው!» አለች እህቷ፤ ያለችውን ራሷም ስትሰማው ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

ፍርድ ቤት ዳኛው «እሱ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?» ሲሉ ጠየቋት። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ድክ ድክ ሲል የያዝኩት ልጅ ነው» ብላ መሰከረች። ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ጓደኞቹን እሱው አስያዛቸው። መምህሩ ዳግመኛ ያለ ክራንች አልሄደም። እህቷም ስታያት መንገድ ትሻገራለች።

ፌንጣ በአምስተኛው ወር ወደ ገደሉ ተመለሰች። በአንድ ዓይን ቅርቡና ሩቁ ተምታቶባት ሁለቴ ወደቀች። በንዴት ድንጋይ እያነሳች አለቱን ስትወግር መዳፏ ተላጠ። ከዚያ ተነስታ እርምጃዋን እየቆጠረች መንገዱን እንደ አዲስ ለመደችው። አሁን ጠባቡ ቦታ ላይ ስትደርስ እንግዶቿን ታስቀድምና ጀርባዋን ለባሕሩ፣ ፊቷን ለቁጥቋጦው ሰጥታ ትቆማለች።

እስር ቤት መጀመሪያ ስትሄድ የእህቷ ልጅ በሽቦው አሳልፎ ተፋባት። በሁለተኛው ጭራሽ አልወጣም፤ ሳሙናና ካልሲ ለዘበኛው ሰጥታ ተመለሰች። በሦስተኛው ወጥቶ የጠፋ ዓይኗን አየና፣

«ያምሻል?» አላት።

«ሲበርድ።»

እሱም ሽቦው ጥግ ተቀመጠ። ሰዓቱ አለቀ ተብሎ እስኪወሰድ ድረስም አልተነሳም።