ከሰባቱ በኋላ

በስልኬ ውስጥ ባገኙት ፎቶ የተነሣ ከወለቃ ስመለስ ኬላ ላይ ወታደሮች ከባጃጅ አወረዱኝ። የወሰዱኝ እስር ቤት አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ነው። ክፍሉ ሽንትና ጠመኔ ይሸታል። ዴስኮቹ ተፈልጠው ለማገዶ አልቀዋል። ሰሌዳው ላይ ግን አንድ ክብ ቀርቷል፤ ከሥሩ የመጠነ ዙሪያው ስሌት፦ 2 × 22/7 × 14 =። መልስ የለውም። መምህሩ እዚያ ላይ ጥሎ የወጣ ይመስላል።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት የዛሪማ ገበሬ አገኘሁ፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት። ልጇ ጫካ ገብቷል ብለው፣ ያለበትን እንድትናገር በየቀኑ ይጠሯታል።

"አንች ልጅ፣ ይኸ ምንድን ነው?" አለችኝ ሰሌዳውን እያየች።

"የክብ ዙሪያ ማስያ ነው፣ እትዬ። ከመሀል እስከ ጠርዝ ያለውን ካወቅሽ፣ ሳትዞሪ ዙሪያውን ታውቂያለሽ። አውድማ በይው።"

"በሬዬ ሳይማር ሲዞረው ኖሯል!" ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። "በይ አስጠኚኝ። ሲጠይቁኝ እሱን ልበል፤ ልጄ ያለበት ቀበሌ ስም አፌ ላይ እንዳይመጣ።"

ጠዋት ጠዋት አስጠናኋት። እንደ ቆሎ ተማሪ እየተወዛወዘች ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ጠሯት። የሚጠይቋት ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

"ልጅሽ የት ነው?"

"ሁለት በሃያ ሁለት ለሰባት በዐሥራ አራት።"

"አሮጊቷ ለቃለች!" ተሳሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመና የዱላው ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ሁለት በሃያ ሁለት ለሰባት..." ቆመች። ደግማ ጀመረች። አሁንም ሰባቱ ላይ ቆመች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ "ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አራት" እላለሁ። ማን ሊሰማኝ! ቀጥሎ የሰማሁት የቀበሌ ስም ነው።

አምጥተው ጣሏት። ወደ ሰሌዳው ዞራ፣ "ከሰባቱ በኋላ ምን ነበር?" አለች።

"ዐሥራ አራት።"

"ቀላል ኖሯል እኮ።"

ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። ከግድግዳው ኖራ ፍቄ መልሱን ጻፍሁላት፦ 88። ምን እንደሚባል ነገርኋት።

ጠባቂው ሲገባ አየው። "ማን ነው ይኼን የነካው?"

አፌን ሳልከፍት ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። "እኔ ነኝ" አለች። "ሰማንያ ስምንት ነው።"

በማግሥቱ ወሰዷት።

የልጇን ነገር እስካሁን አልሰማሁም፤ እውነቱን ለመናገር፣ መጠየቅም ፈርቻለሁ። ዘንድሮ፣ ከተለቀቅሁ በኋላ፣ ፈተና ተቀምጬ ነበር። የክብ ጥያቄ መጣ። አሠራሩን አውቀዋለሁ። ሰባቱን ጻፍሁና እጄ ቆመ። ደውሉ እስኪደወል እሱኑ ሳይ ቀረሁ።