የካርቶን ፈረስ ያሳቃት ሴት

ወርቅአየሁ እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች። ባሏ ይኸነው ሐምሌ ላይ ታሞ ከሞተ ወዲህ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። ልጅ አልወለዱም። ቤት ውስጥ የቀሯት አማቷ እማማ ዘውድነሽ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ማታ ማታ ብዙ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያመሻሉ። ለወርቅአየሁ ያ ዝምታ መጠጊያዋ ነበር፤ እሳቸው ትተዋት የሄዱ ዕለት ምን እንደሚውጣት አታውቅም።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት መንገድ ተዘግቷል ተባለና ተሳፋሪው ሁሉ ተክዞ መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ነበር። የኮሌጅ ተማሪዎች መጡ። መምህራቸው የማያውቁትን ሰው በአደባባይ ፈገግ አሰኝተው እንዲመጡ አዟቸዋል። ከካርቶን የፈረስ ራስ ሠርተው፣ ሁለት ልጆች አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ፈረስ ሆነዋል። ሀይማኖት የምትባል ልጅ ልጓሙን ይዛ ትመራለች።

"ይሄ ፈረስ መንጃ ፈቃድ አለው?" አለ አንድ ወያላ።

"የፊቱ አለው፤ የኋላው ገና ለማጅ ነው" አለች ሀይማኖት።

ፈረሱ ሊጋልብ ተነሣ። የፊት እግሮቹ ሮጡ፣ የኋላዎቹ ቀጥ ብለው ቀሩ፤ ብርድ ልብሱ ሊቀደድ ደረሰ።

"ና እንጂ አንተ!" ይላል ከውስጥ አንዱ።

"ጫማዬ ወልቋል፣ ቆይ!"

ወርቅአየሁ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ይኸነው ነው ትዝ ያላት። ባለፈው ጥር፣ በፈረሰኞች በዓል፣ ሌላው ፈረሰኛ አቧራ እያስነሣ ሲጋልብ የእሱ ፈረስ ሜዳው መሃል ላይ ተገትሮ ቀረ። ቢለው ቢሠራው አልነቃነቅ አለ። ይኸነውም ሆን ብሎ የቆመ አስመስሎ ባርኔጣውን አነሣና ለክብር እንግዶቹ እጅ ነሣ። ቤት ገብቶም ለእናቱና ለእሷ ደጋግሞ እየሠራ አሳያቸው።

ሳቋ ሳያልቅ ውዱ የሚባለውን ዘመድ አየችው። የይኸነው ያጎት ልጅ ነው።

"ደህና ተጽናንተሻል፣ እህቴ" ብሏት አለፈ።

ማታ እማማ ዘውድነሽ ራት አልቀመሱም።

"ምን ሆኑ፣ እማማ?"

"ስትስቂ ነበር አሉ።"

"እሱን አስታውሼ ነው። ያ ፈረሱ የቆመበት ቀን። እርስዎም ያውቁታል።"

"አውቀዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስንት ጊዜ የማስታውሰው ይመስልሻል? አስቆኝ አያውቅም።"

ከዚያ ወዲህ ወርቅአየሁ ፊቷን ስትጠብቅ ትውላለች። ደንበኛ ሲቀልድባት አቀርቅራ ድንቹን ትልጣለች። ማታ ደግሞ አማቷ ሰርቀው እንደሚያዩዋት ይታወቃታል፤ የቱን ያህል ብታዝን እንደሚበቃ ግን አልገባትም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሮጊቷ ልብሳቸውን ቋጥረው ግምጃ ቤት ከተማ ወደምትኖረው ሴት ልጃቸው ሊሄዱ ተነሡ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ሁለተኛ አልስቅም።"

"የፈራሁት እሱን ነው። እኔን ፈርተሽ ፊትሽን ቋጥረሽ ልትኖሪ ነው። አልተጣላሁሽም፣ ልጄ። ወጣት ነሽ፤ ሳቁ ይመለስልሻል። እኔ ግን ሲመለስልሽ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም።"

ወርቅአየሁ ቋጠሮውን ተሸክማ እስከ ጋሪው ሸኘቻቸው። ተሳፍረው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ጋሪው ሄደ።

በሳምንቱ ሀይማኖት እየሮጠች መጣች።

"እትዬ፣ ያን ቀን እንደዚያ የሳቅሽው አንቺ ነሽ አይደል? ለክፍሉ ያወራነው ስላንቺ ነው። መምህራችን በጣም ወደደው! ነገም ልንመጣ ነው።"

"እንኳን ደስ አላችሁ" አለች ወርቅአየሁ። ትኩስ ድንች መርጣ ሰጠቻት።

"ነገ ታዪናለሽ?"

"ነገ በዚያኛው በር ነው የምቀመጠው።"

"እዚያ እኮ ሰው አያልፍም።"

"አዎ" አለችና የሚጥሚጣውን ዕቃ ከደነችው።