ቦሬ ላይ የፈነዳው እርጎ

እህቴ ምሕረት ሰሞኑን ከሐዋሳ መጥታ ነበር። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጓዳ ገብታ የእናታችንን የወተት ቅል አነሳች፤ ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋን ከተተችበት። በወይራ የታጠነ ዕቃ ስንት ዘመን ቢቀመጥ ሽታው አይለቅም። እኔም ያንን ቅል ባየሁ ቁጥር ደጋው አገር ቦሬ ላይ ነው የምገኘው፤ በዚያ ብርድ፣ እርጥብ ቀሚስ ለብሼ።

ያኔ ገና ልጃገረዶች ነበርን፤ ምሕረት በዓመት ታንሰኛለች። አባታችን እዚሁ ነገሌ ቦረና መምህር ነበር። ታላቅ እህቱ እትዬ አስቴር ልጅ ስላልወለዱ፣ "ከሁለቱ አንዷን ስጡኝ፤ እንደ ልጄ አሳድጌ ላስተምራት" ብለው ከአዋሳ ላኩ። አዋሳ ነበር ያኔ የምንላት። እኔ ታላቅ ነኝ፣ በትምህርቴም ከእሷ አላንስም፤ ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ሐይቅ ዳር ልኖር ነው እያልኩ ለጓደኞቼ አወራሁ። የተመረጠችው ግን ምሕረት ሆነች። ለምን ብዬ ሳለቅስ እናቴ ሽንኩርት ከምትከትፍበት ቀና ሳትል፣ "አንቺ እዚህ ታስፈልጊኛለሽ" አለችኝ። ለውኃ መቅጃና ለመጥረጊያ መሆኑ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ያለው ሁሉ የምሕረት ሆነ። ገበያ ያለው ልብስ ሰፊ ባለ አበባ ቀሚስ ሰፋላት፤ አዲስ ጫማ ተገዛላት። ለእኔ ያምናው ቀሚሴ ታጥቦ ተተኮሰ። እኔ ደግሞ ስቀና ዝም ብዬ አልቀናም፤ እህል አልቀምስም አልኩ፣ ስንተኛም ጀርባዬን ሰጠኋት። ቀሚሱን ስትለካው "ያወፍርሻል" አልኳት። አላወፈራትም።

የጉዞው ዕለት አራታችንም አውቶቡስ ላይ ወጣን። መስኮቱ ጋ ምሕረት ተቀመጠች። "የምትሄደው እሷ ናት፣ አገር ትይ" አለ አባቴ። እኔስ የት እየሄድኩ ነበር? ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ለእትዬ አስቴር የሚሆን ኢቲቱ በእናቴ ቅል ሞልተው ሰጡን። ኢቲቱ የቦረና ሰው የሚያረጋው፣ ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ የሚቆይ ወፍራም እርጎ ነው። "ናጋን ገላ፣ በሰላም ግቡ" ብለው መረቁን። እናቴ መንገድ ላይ እንዳይፈስ ብላ ክዳኑን በጨርቅ ወትፋ፣ በጠፍር ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። ቅሉም ምሕረት ጭን ላይ ተቀመጠ።

ግራሩን፣ ኩይሳውን፣ መንገድ የሚዘጉትን ግመሎች ሁሉ ያየሁት በእህቴ ጆሮ በኩል ነው። ክብረ መንግሥት ስንደርስ ቀይ አቧራ ለብሰን ጥብስ በላን፤ ደህናው ሥጋ ወደ ማን እንደተገፋ መናገር አያስፈልገኝም። ከዚያ ዳገቱ ተጀመረ። ሙቀቱ ጠፋ፤ ጉም መጣ፤ ቀርከሃና እንሰት አየን። ጆሯችን ተደፈነ። የቆላ ሰዎች ነን፤ ቀኑን ሙሉ ሲናጥ የዋለ እርጎ ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ማን ነግሮን? ቦሬ ልንገባ ስንል ክዳኑ ጧ ብሎ የአውቶቡሱን ጣሪያ መታ። አንድ ሽማግሌ "በስመ አብ!" ብለው ጎንበስ አሉ። ምሕረት ከፀጉሯ እስከ አዲሱ ጫማዋ እርጎ ሆነች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደስታዬ ግን ከቦሬ ሻይ ቤት አላለፈም። እናቴ ሁለታችንንም ጓሮ ወሰደችንና ወደ እኔ ዞራ "አውልቂ" አለች።

"እኔ? እኔ ምን አደረግኩ?"

"እንዲህ ሆና ሰው ቤት አትገባም። ያንቺን ስጫት።"

ስመኘው የሰነበትኩትን ባለ አበባ ቀሚስ በዚህ ዓይነት፣ እርጎው በውኃ ተለቅልቆ ገና ሳይደርቅ፣ ለበስኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ አያሞቅምም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሄጄ ሄጄ፣ ወደ ወንዶ ወርደን ሞቅ ሲለን ቀሚሱ ደርቆ እንደ ካርቶን ቆመ።

አዋሳ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አስፋልቱ፣ ብስክሌቱ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ፤ ሁሉም እንዳሰብኩት ነበር፤ ይህም አናደደኝ። እትዬ አስቴር በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሁለታችንንም ለመጨረሻ ጊዜ ያዩን ሕፃናት ሳለን ነው። አዲሱን ቀሚስ ሲያዩ "የኔዋ ይቺ ናታ!" ብለው እኔን አቀፉኝ። ለአፍታ የአዋሳ ልጅ ሆንኩ። እናቴ ግን እጄን ጨምድዳ ይዛ ወደ ራሷ ጎተተችኝ።

"አይ እትዬ፣ ይቺንስ አልሰጥም። የእርስዎ ያቺ ናት።"

ምሕረት በእኔ አሮጌ ቀሚስ፣ ባዶውን ቅል ታቅፋ አጥሩ ጋ ቆማለች። ዞር ብላም አላየችኝ። ኮራችብኝ አልኩ።

እሷ አዋሳ ተማረች፣ እዚያው ሥራ ያዘች፣ ወለደች። እኔ ነገሌ ቀረሁ፤ ትዳሬም ሱቄም እዚሁ ሆነ። አልከፋኝም፤ ግን በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የማየው ጫማዋን ነው። ሰሞኑንም ቅሉን እንደያዘች ያንን ቀን አነሳሁባት።

"መስኮቱ ያንቺ፣ ቀሚሱ ያንቺ፣ ሐይቁ ያንቺ" አልኳት። "ለእኔ ምን ቀረኝ?"

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"እማዬ እኮ አንቺን እጅሽን ይዛ ጎተተችሽ" አለች። "'ይቺንስ አልሰጥም' ስትል እየሰማሁ። ያቺ የተባልኩት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት እንደቀናሁብሽ ብታውቂ!"

ቅሉን ከእጇ ተቀበልኳት። እናታችን ካረፈች ቆይታለች፤ ሄደን አንጠይቃትም። እኔ ያንን ቃል እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሰማሁት "አንቺ አትሄጂም" ተብሎ ነበር። ለካ ሌላም ነገር ነበረው፤ ያውም የተባለው ለእኔ።

ስትመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ቅሉን ኢቲቱ ሞልቼ፣ ክዳኑን ላላ አድርጌ ሰጠኋት። አውቶቡሱ ውስጥም አብሬያት ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ። ሞተሩ ተነሳ።

"እናቴ፣ ተሳፋሪ ነዎት ሸኚ?" አለኝ ረዳቱ።

"ይቺንስ አልሰጥም" አልኩት።

ልጁ ግራ ገብቶት ሹፌሩን አየ። ምሕረት እንባዋን እንዳላይባት ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ያው እንደ ልማዷ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው እሷ ነበረች።