የልጅ ልጄና የሔዋን ሰማንያ ቀን

ትምህርት ቤት የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቀሪውን ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ፤ ግእዙን ያለ መምህር፥ እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት። ከሸዋ ተዛውሬ መቐለ መዝገብ ቤት ከተቀጠርኩ ወዲህ የግሪኮችን፥ የባቢሎኖችንና የሕንዶችን አፈ ታሪክ አንብቤ ጨርሻለሁ። ዓዲ ሓቂ ካለው ሻይ ቤት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከበውኝ ይቀመጡ ነበር። ስለ ሰው አፈጣጠር ተከራክሮ የረታኝ አልነበረም። ለጉራ አይደለም የምጽፈው፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የምነግራቸው ይህን ነበር፦ ሰው ከጭቃ ተሠራ የሚለው ወሬ በብዙ ሕዝብ ዘንድ አለ፤ የጥፋት ውኃውም እንዲሁ። የአዳም ልጆች ሲበተኑ እውነቱን ይዘው ሄዱ፥ በመንገድ አበላሹት። ሳይበላሽ የተቀመጠው በቤተ ክርስቲያን ነው።

አንዲት የወለድኳት ልጅ አለችኝ፤ የባዮሎጂ መምህርት ናት። "አቦይ፥" ትለኛለች አባቴ ለማለት፥ እንደ እናቷ አገር ልማድ፥ "እነሱም እኮ የተበላሸው የእናንተ ነው ይላሉ።" እስቅ ነበር።

አምና ወሯ ሳይደርስ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ዓይደር ሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ ገባች። ባሏ ሌላ ከተማ ስለሚሠራ አብሬያት የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። በሃያኛው ቀን ሐኪሙ ሳንባዋ እንደደከመ ነገረን። ልጄ ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዘችኝ።

"አቦይ፥ ቄስ አምጣላት። አሁኑኑ ትጠመቅ።"

"አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው?"

"እኔ ነኝ። ሌላ የማደርግላት የለኝም።"

ያን ጊዜ መሮጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ማስተማር ጀመርኩ። አዳም በአርባ ቀኑ፥ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት እንደገቡ፥ ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ የሚጠመቁትም ስለዚህ እንደሆነ፥ ቀኑ የሰውን አጀማመር የሚያስታውስ ማኅተም ስለሆነ እንደማይዛነፍ አስረዳኋት። በደንብ ነበር ያስረዳሁት። አዳምጣኝ ስትጨርስ እጇን ከእጄ አወጣች።

"እንግዲህ ስልሳ ቀን ትቆያ፥ ለሔዋን ብላ!"

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም።

ሕፃኗ እየባሰባት ስትሄድ በጸሎት እንዲያስቧት ልለምን ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። "ተጠምቃለች?" አሉኝ። ሰማንያዋ እንዳልሞላ ነገርኳቸው።

"አንተ ሰው! ለሞት ለቀረበ ሕፃን ቀን ይቆጠራል እንዴ? በተወለደበት ዕለትም ይጠመቃል። ይህን ሁሉ ስታነብ ይቺን ሳታገኛት ቀረህ?"

"አላገኘኋትም፥ አባ።"

"ማንበብ ምን ይፈልጋል? የትኛዋም ወላድ ታውቀዋለች። መጠየቅ ነበር!"

መጠየቅ። በሕይወቴ ሰው ጠይቄ አላውቅም።

ከንስሐ አባቴ ጋር ባጃጅ ይዘን ዓይደር ደረስን። ልጄ ቄሱን ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

"ገና አርባ አምስት ቀን ይቀራታል። ያኔ ይምጡ።"

"ተሳስቼ ነው፥" አልኳት።

"ምን አልክ?"

"አላውቅም ነበር፥ ልጄ። ቀን አይቆጠርላትም፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት።" እግሯ ሥር ወደቅሁ። አስታማሚው ሁሉ ዞሮ አየን። "በእኔ ጥፋት እሷን አትከልክያት።"

"ኧረ ተነሥ! አቦይ፥ ሰው እያየ!"

አልተነሣሁም። በመጨረሻ ከበሩ ዞር አለች።

ነርሷ የክርስትና እናት ሆነች። ቄሱ በእፍኛቸው ውኃ አፈሰሱላት። ሕፃኗ አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ አቅም አልነበራትም። አንገቷ አካባቢ ቱቦ ስለነበረ ማዕተቧን ከእጇ አንጓ ላይ አሰሩላት። በማግሥቱ ቀትር ላይ ዐረፈች።

በሃያኛው ቀን ተጠምቃ ቢሆን ትተርፍ ነበር ወይ? ልጄ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ካነበብኩት ሁሉ መልስ አላገኘሁም።

ሆኖም የቻልኩትን ልጻፍ፤ ሌላ የሚጽፍልኝ የለም። ቄስ ፈልጌ በአንድ ሰዓት ውስጥ አልጋዋ ድረስ አምጥቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት ተንበርክኬ ለምኛለሁ። የልጅ ልጄ የክርስትና ስም ይዛ ሄዳለች። ፍትሐት ተደርጎላት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀብራለች። ሣጥኗን ማንም ሳያግዘኝ ተሸክሜያለሁ። ልጄን ከቀብሩ እስከ ቤቷ በእግር ሸኝቻታለሁ፤ በመንገድ ላይም አንድ ነገር አላስተማርኳትም።