ከሁለታችን ስልክ በቀር

ባለቤቴ ሠመራ ከተማ የቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ እኔ አዋሽ አስተምራለሁ። የምንገናኘው በወር አንዴ ነው። በቀረው ቀን የኖርነው በድምፅ መልእክት ነበር። ሙቀቱን ያማርርልኛል፣ የማይሠራ ማራገቢያውን ይሰድባል፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ «በይ እንግዲህ» ይላል።

አንድ ቀን አብረውት የተከራዩ ጓደኞቹ ስልኩን አንስተው የኔን ድምፅ ከፍ አድርገው አሰሙበት። «ቁርጥማትህ እንዴት አደረ ተብለሃል!» እያሉ ሳምንት ሙሉ ቀለዱበት። አፈረ። ከዚያ በኋላ ወሬያችንን ሁሉ ወደ መልእክት መተግበሪያው ሚስጥራዊ ክፍል አዛወረው። «እዚህ የምንለው ከሁለታችን ስልክ በቀር የትም አይቀመጥም» አለኝ። ስልኩንም በቁጥር ቆለፈ። ቁጥሩን አልጠየቅሁትም። የባሏን ስልክ ቁልፍ የምትጠይቅ ሚስት የጠረጠረች ትመስላለች።

ባለፈው ዓመት በድንገት ታሞ ሞተ።

በኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ስልክ አትይዝም፤ መርዶ የሚያደርሰው፣ ለሚደውለው የሚመልሰው ዘመድ ነው። የኔን የያዘው የባሌ ታናሽ ወንድም ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአንድ የምናውቀው ሰው መልእክት መጣ፦ «ለለቅሶው ግሩፕ ከፍተናል፤ አሁን በስልክሽ የሚደርስሽን የማረጋገጫ ቁጥር ላኪልኝ።» የዚያ ሰው አካውንት ራሱ ተሰርቆ ኖሯል። የባሌ ወንድም ግን በለቅሶ ቤት ማንን ይጠርጥር? ላከ። ወዲያው መተግበሪያው ከስልኬ አስወጣኝ፤ ሌባው በስሜ ለቀስተኛውን እርዳታ ይለምን ጀመር። ከቀናት በኋላ አካውንቱ ተመለሰልኝ። የተማሪ ወላጆች ጥያቄ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም አለ። የባሌ ድምፅ የለም።

ባል የሞተባት ቤት የምትቀመጥበትን ጊዜ፣ ኢዳዬን ጨርሼ ከቤት እንደወጣሁ በቀጥታ የሄድኩት ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ነው።

«አይዞዎት እትዬ፣ ሚስጥሩን ሌባውም አላየውም» አለኝ ሊያጽናናኝ። «አካውንቱ አንዴ ከስልክዎ ከወጣ ሚስጥሩ ይጠፋል። የተሠራው እንዲያ ነው።»

«እኔስ? የራሴ አይደለም?»

«እርስዎም ያው ነዎት።»

የባሌን ስልክ ከቦርሳዬ አወጣሁለት። አገላብጦ አየው። «ይሄን እከፍትልዎታለሁ፤ ያለ ቁጥሩ ሲከፈት ግን ውስጡ ሁሉ ተጠርጎ ባዶ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

የባሌ ወንድም በየቀኑ ከሠመራ ይደውላል። «እታለም፣ ተገኘ? ወላሂ እንቅልፍ የለኝም። በእጄ ነው ያጠፋሁት።» ምግብ እንደተወ ሚስቱ ነግራኛለች። ብቆጣው ይቀልለኝ ይሆናል፤ እንዳልቆጣው አሳዘነኝ። ትናንት አላስችል ብሎኝ «ተገኘ» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ አለቀሰ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅሁት።

«እታለም፣» አለኝ ከዚያ፣ «እስቲ አንዷን ላኪልኝ። ድምፁን ልስማው።»